ጉዛራ ወይስ አሮጌው ጎርጎራ? የጣና ዳር ፍርስራሾች በትንሽ ብር

ከባሕር ዳር ለሚነሳና በጀቱ ለጠበበ ሰው ምርጫው ጉዛራ ነው። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጎንደር ሳትቆረቆር በፊት የተሠራ። ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ እንፍራንዝ መውረድ፣ ከዚያ ኮረብታውን በእግር መውጣት ነው። ሒሳቡን ሳይሳፈሩ ከረዳቱ ጋር ይነጋገሩ፤ አለዚያ ሙሉ የጎንደር ዋጋ ሊጠየቁ ይችላሉ። ላይ ሲደርሱ ድንጋዩን ያያያዘውን ኖራና የማዕዘኑን ክብ ማማ ጠጋ ብለው ይዩ። ከዚያ ፊትን ወደ ጣና ማዞር ነው፤ ቦታው ለምን እንደተመረጠ ያኔ ይገባል። ችግሩ መመለሻው ነው፦ ከጎንደር የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ያልፋሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አስፋልቱ ላይ መገኘት ይበጃል።

አሮጌው ጎርጎራ ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። በየብስ ከሆነ መጀመሪያ ጎንደር፣ ከዚያ በቆላድባ በኩል ወደ ጎርጎራ፤ አንድ ሌሊት ማደር ግድ ነው። ከከተማው ፍርስራሹ ወዳለበት ማርያም ግንብ በጀልባ ይሄዳሉ። ኪራዩ ለጀልባው እንጂ በሰው ስላልሆነ ብቻዎን ከሆኑ ይከብዳል፤ ሦስት አራት ሆኖ መካፈል ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሐይቁን ስለሚያናውጠው በጠዋት ይውጡ። የዐፄ ሱስንዮስና የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ዘመን ሥራ የሆነው ሕንፃ አብዛኛው ፈርሷል። ግን በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባ ጉዛራ ላይ የለም፤ ለቅርጽ ጥበብ የሚጓዝ ሰው ወጪው አይቆጨውም። በቀረው ግድግዳ ሥር ግን አይቀመጡ፤ ድንጋዩ ይወድቃል።

ለሁለቱም ውኃና ምግብ ይዞ መሄድ ነው። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ዋዜማውን መናኸሪያ ጠይቁ።