ስምንት ወር ከ«1000 እጥፍ» ማይክሮስኮፕ ጋር

የዛሬ ስምንት ወር ፒያሳ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው የገዛሁት። ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ነው። ካርቶኑ ላይ «1000 እጥፍ» ይላል። ጎኑ ላይ የዝንብ ዓይን ፎቶ አለ፤ ብሬን ያስመዘዘኝ እሱ ነው።

ፎቶው ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ነው። ያ ሌላ ዓለም ነው። ጀርመናውያኑ መሐንዲሶች ሩስካና ክኖል በ1931 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የጀመሩት መሣሪያ በብርሃን ፋንታ የኤሌክትሮን ጨረር ይጠቀማል። ዝንቧ ሞታ፣ ደርቃ፣ ብዙ ጊዜም ስስ ወርቅ ተቀብታ አየር ወደሌለበት ክፍል ትገባለች። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን ሰው ነው በኋላ የሚጨምረው።

የኔውን በማስመሪያ ፈተንኩት። 1 ሚሊ ሜትር ስክሪኔ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ሆነች። 150 እጥፍ ማለት ነው። 1000ውን እርሱት።

መቆሚያው በሁለተኛው ወር ላላ፤ አሁን በላስቲክ ታስሮ ነው የሚሠራው። ፎቶ ማንሻው ቁልፍ ሲጫኑት ዕቃው ይነቃነቅና ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ በኪቦርድ ነው የማነሳው። መብራት ሲጠፋ ግን ችግር የለም፣ ከላፕቶፑ ነው የሚጠጣው።

ታዲያ ለምን አልጣልኩትም? በነቀዝ ምክንያት። ከስንዴ ውስጥ አንዱን ለቅሜ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ለካ እንደ ዝሆን ኩምቢ አለው! አፉ ያለው ኩምቢው ጫፍ ላይ ነው። አንቴናዎቹ እንደ ክርን ታጥፈዋል። ጀርባው ላይ በመስመር የተደረደሩ ጉድጓዶች አሉ፣ ቀለሙ ቡናማ ቀይ። ደግሞ ይሄዳል! እግሩን እያነሳ ከስክሪኑ ሲወጣ ወረቀቱን እየጎተትኩ ተከተልኩት። ወርቅ የተቀባው ይህን አያደርግም።

ቀጥሎ ነጠላ። የእናቴ ነጠላ ማግ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ ጥጡም ፀጉር ፀጉር እያለ ይወጣል። በእጅ የተፈተለ መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ ለባለቤቴ «የእጅ ፈትል ነው» ተብዬ በውድ የገዛሁትን አስገባሁ። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ እንደ ናይለን ያብረቀርቃል።

እስካሁን አልነገርኳትም።