ቱሉ ዲምቱ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ፦ ለጣሊያን ዜግነት ፋይል ይሆናል?

ለትርጉምና ለደብዳቤ ይሆናል። ለምክር ግን አይሆንም።

ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለው ይህ ቢሮ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ሰርተፍኬት ወደ ጣሊያንኛ ይተረጉማል፤ ጣሊያን ላሉ ማዘጋጃ ቤቶች ይጽፋል፤ ውጭ ጉዳይ ሄዶ ማኅተም ያስመታል። በተለይ የቀን አቆጣጠር ላይ የሚያደርገው ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው። ብዙ ተርጓሚ ዝም ብሎ 8 ዓመት ይደምራል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን የሚደመረው 7 ነው። ጥቅምት 12 ቀን 1932 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 23፣ 1939 ነው እንጂ 1940 አይደለም። ይህቺ አንድ ዓመት እንደ ቀላል የምትታይ አይደለችም። የፋሺስቱ መንግሥት ሜይ 13፣ 1940 ባወጣው ሕግ ቁጥር 822 ጣሊያናዊ አባት ከአበሻ የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከልክሎ ነበርና፣ ልደቱ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው መጠየቁ አይቀርም።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። የጣሊያናዊው አያት የትውልድ ከተማ ካልታወቀና ወታደር ከነበረ፣ በተመለመለበት አውራጃ ቤተ መዛግብት «ሩዎሎ ማትሪኮላሬ» የሚባል የወታደር መዝገብ ይፈለጋል፤ የትውልድ ቦታው እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱን ሲጠይቁ ተራውን ሰርተፍኬት ሳይሆን የአባትና የእናት ስም ያለበትን «ኤስትራቶ» ወይም የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ይጠይቃሉ። ይህን የሚያደርግ ቢሮ ብዙ የለም።

በሩ ላይ ግን «ቅድመ አያትዎ ጣሊያናዊ ከሆኑ ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ አሁንም ተለጥፏል። ያ ጊዜ አልፏል። ማርች 28፣ 2025 የወጣውና በሕግ ቁጥር 74 የጸደቀው ድንጋጌ፣ ውጭ አገር ተወልዶ ሌላ ዜግነት ያለው ሰው ጣሊያናዊ ለመባል ወላጁ ወይም አያቱ የጣሊያን ዜግነት ብቻ ያላቸው፣ ወይም ሲሞቱ እሱን ብቻ የያዙ መሆን አለባቸው ይላል። ሌላው በር ወላጅ ዜግነቱን ካገኘ በኋላ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ ጣሊያን ውስጥ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ የኖረ ከሆነ ነው። ቅድመ አያት ብቻውን አይበቃም።

«የጣሊያን ብቻ» የሚለው ነገር እኛ አገር ብዙ አያስቸግርም። በወረራው ጊዜ ዘምቶ የተመለሰው የጣሊያን ወታደር አገሩ ገብቶ ጣሊያናዊ እንደሆነ ነው የሞተው። ጣጣው ልጁን በሕግ ተቀብሎታል ወይ የሚለው ነው፤ ብዙዎቹ በእናታቸው አባት ስም ነው ያደጉት። ቢሮው እዚህ ላይ «ፍርድ ቤት ስም እናስቀይርና አዲስ ልደት እናውጣ» ይላል። አይስሟቸው። ዛሬ የወጣ ሰርተፍኬት ሰውዬው ያኔ ልጄ ብሎ መቀበሉን አያሳይም። የሚያዋጣው ጣሊያን ፍርድ ቤት አባትነትን ማስወሰን ነው። ልጅየው በሕይወት ካሉ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ክስ ሳይጀምሩ ከሞቱ ግን ልጆቻቸው መክሰስ የሚችሉት በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ነው። አባትነቱ በጉልምስና ዕድሜ የተወሰነለት ሰው ደግሞ ዜግነቱን በአንድ ዓመት ውስጥ መርጦ ማስታወቅ አለበት፤ ለአካለ መጠን ለደረሱ ልጆቹም በራሱ አይተላለፍም።

«ለማንኛውም አስገቡት» የሚለውን ምክራቸውንም ይለፉት። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ቆንስላው ለአንድ አዋቂ ማመልከቻ 600 ዩሮ ያስከፍላል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በእኛም በኩል አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የጣሊያኑን የያዘ የኢትዮጵያውን ያጣል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ፋይል ሲከፍቱ ግን ይህን አንስተው አይነግሩዎትም።

ሊሄዱ ካሰቡ ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አያስደርጉ፤ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ያጣሉ። የፓስፖርትዎን ኮፒም ይያዙ፤ የስሙ ፊደል ትርጉሙ ላይ እንደ ፓስፖርቱ ካልሆነ ኤምባሲው ይመልሰዋል። ክፍያው በገጽ ነው፤ የትርጉም ረቂቁን አይተው ሳያጸድቁ ግማሹን እንዳይከፍሉ።