ደሴ ላላችሁ፦ ይቺን ሲስተር እወቋት

ምስጋናዬ ለአንዲት የመርፌ ክፍል ሲስተር ነው። ደሴ ውስጥ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። «ስሜን እንዳትጽፍ» ስላለችኝ አልጽፍም።

ታናሽ እህቴ 13 ዓመቷ ነው። አምና ጉሮሮዋን አመማት፣ ሲሻላት ረሳነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲለቃት ቁርጭምጭሚቷ ተነሳ። «የደሴ ብርድ ነው» አልን። አንድ ክሊኒክም ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰን። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የታየችው ዳገት ሲያቅታትና ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ሚትራል የሚባለው የልቧ በር ጠባሳ ይዟል ተባለ። በየ28 ቀኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ታዘዘላት።

እማዬ አልዋጥልሽ አላት። «ያመማት ጉሮሮዋን፣ ልቧን ምን አገባው?» ትላለች። እውነት ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር። ሲስተር ወንበር ስባ ፊቷ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ምጣዱን ሳያስሱ ቢጋግሩ ምን ይሆናል?»

«ይይዛላ!»

«አብሽሩ፣ ገብቶዎታል። ልብም ውስጡ የታሰሰ ነው።»

የልብን ውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ኢንዶካርዲየም ይባላል። ደሙን የሚነካው ፊቱ አንድ ረድፍ ብቻ የሆኑ ጠፍጣፋ ሴሎች ናቸው። በሮቹንም የሸፈኑት እነሱ ናቸው። ልሙጥ ናቸው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ነገሮችንም ያመነጫሉ። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ሲመታ ደሙ ሳይዝ የሚያልፈው ለዚህ ነው። የሰውነት መከላከያ የጉሮሮውን ባክቴሪያ ሲዋጋ አንዳንዴ ይሳሳትና የልብን በሮችም ያጠቃል። ያኔ ጠባሳ ይቀራል፣ ምጣዱ ይሻክራል። ከአፍ ወደ ደም የገባ ሌላ ባክቴሪያም እዚያ ሻካራው ላይ ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ጥርሷን በደንብ ትቦርሽ አለችን። ጥርስ ከማስነቀሏ በፊት ሐኪሙ የልቧን ነገር ይወቅ። ትኩሳት ከያዛት ደግሞ ዝም ብላችሁ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እንዳትሰጧት፣ መጀመሪያ ደሟ ይመርመር። እማዬ አሁን ይሄን ለጎረቤት ሁሉ ታስተምራለች፣ ምጣዱንም ጨምራ።

መርፌው ራሱ ቀላል አይደለም። ወተት የመሰለ ወፍራም መድኃኒት ነው፣ ያማል። ሲስተር ብልቃጡን በሁለት መዳፏ መሃል እያንከባለለች ብርዱን ታስለቅቀዋለች። የሚወጋውን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትይዛለች። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤት እያወራቻት ቀስ ብላ ትገፋዋለች። ሌላ ቦታ አንዴ ተቻኩለው ወግተዋት ሁለት ቀን አንክሳለች፣ ልዩነቱን ስለማውቀው ነው የምጽፈው። ከተወጋች በኋላም አለርጂ ቢነሳባት ቶሎ ለማየት ግማሽ ሰዓት ሳታስቀምጣት አትለቃትም።

ሌላው ቀጠሮው ነው። እኛ «በየወሩ» ብለን ይዘን ነበር። «የእኛ ወር 30 ነው፣ በየዙሩ ሁለት ቀን ትዘገያላችሁ» አለችን። 28 ቀን ማለት ልክ አራት ሳምንት አይደል? ሰኞ አደረገችው። እማዬ ሰኞ ገበያ መውጣቷ ስለማይቀር በአራተኛው ሰኞ እህቴን ይዛት ትሄዳለች። እስካሁን አንድም አላለፈንም።

ልጁ ወይ እህቱ ይሄ መርፌ የታዘዘላት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግረዋለሁ። ሲስተር፣ ይሄን ካነበብሽው፣ እማዬ ለሰኞ ጎመን ዘር ቋጥራልሻለች። «ለምጣዷ» ነው ያለችው።