የእናቴን ሻወር ቤት ላስተካከለልን ባለሙያ ምስጋና፣ ጅማ ላላችሁም ጥቆማ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ሻወር ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ወይም አሠርታችሁ የተቃጠላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። አንድ ልጅ ላመሰግን ነው።

የእናቴን ሻወር ቤት ያደሰው ኮንትራክተር ሒሳቡን ጨርሶ ተቀብሎ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማበጥ ጀመረ። ቀለሙ ተላጠ፣ ክፍሉ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። ስንደውልለት "የጅማ ዝናብ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" አለን። ጅማ ዝናብ እንደማያጣት እናውቃለን፣ ግን ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ግድግዳው በምን ይረጥባል? ከዚያ ስልክ ማንሳቱንም ተወ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቶ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ይህን የቧንቧና የሴራሚክ ባለሙያ የጠቆመን ጎረቤት ነው። ሲመጣ መዶሻ አላነሳም። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አዘጋና ወደ ቆጣሪው ወሰደኝ። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ትንሿ መዘውር ቀስ እያለች ትዞራለች። "ይኸው፣ ዝናብ ቆጣሪ አያዞርም" አለኝ። ቀጥሎ ሴራሚኩን በሳንቲም እያንኳኳ ሄደ፤ ግማሹ ባዶ ጣሳ ነው የሚመስለው፣ ለካ ማልታው (ማጣበቂያው የሲሚንቶ ድብልቅ) ጥግ ጥጉና መሃሉ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ ተደርጎ ነው የተለጠፈው። ወለሉ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ሲደፋ ደግሞ ውሃው የፍሳሽ ቀዳዳውን ትቶ ወደ በሩ ሄደ።

የሚያንጠባጥበው የሻወሩ ፒፒአር ቧንቧ (በሙቀት እየቀለጠ የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ቧንቧ) መጋጠሚያ ነበር። የሚያጣብቀው ማሽን 260 ዲግሪ አካባቢ ካልጋለ ከውጭ የተያያዘ ይመስላል እንጂ ውስጡ አይዋሃድም ብሎ ቆርጦ አሳየን። አዲስ ገጥሞ ግድግዳውን ከመዝጋቱ በፊት በግፊት ፈተሸው። ወለሉን በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ወደ ፍሳሹ አዘቅዝቆ ሠራ፣ ውሃ መከላከያውን ወደ ግድግዳው ከፍ አድርጎ ቀባ። በጣም የወደድኩት ግን ይሄን ነው፦ ሲደርቅ ፍሳሹን ደፍኖ ወለሉን ውሃ ሞላው፣ ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ አሰመረና 24 ሰዓት ተወው። በማግስቱ ውሃው እዚያው መስመሩ ላይ ነው። ሴራሚክ መለጠፍ የጀመረው ያኔ ነው። ከፍሳሹ የሚመጣው ሽታም ጠፋ፤ የፊተኛው ኮንትራክተር ሲፎን የሚባል፣ ውሃ ይዞ የፍሳሽ ሽታ የሚያግድ ነገር አላስገባም ነበር።

ሊያስገዛን ሲችል አላስገዛንም። "እማማ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ደህና ነው፣ ገንዘብዎን አያውጡ" ብሎ አጥቦ መለሰው። ጉልበቷን አይቶም ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ተከለላት። እዚሁ ጅማ መርካቶ ዕቃ ስንገዛ አብሮን ዞረ፣ ደረሰኙም በእኛ እጅ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ "ግድግዳው ይድረቅና ትሰጡኛላችሁ" አለ፣ እንዳለውም ሆነ። እናቴ መርቃው አልጠገበችም። እኔም ወንድሜ፣ ከልቤ አመሰግንሃለሁ፣ እጅህ ይባረክ።

ርካሽ አይደለም፣ ቶሎም አይጨርስም፣ ይህን አውቃችሁ ያዙት። ክረምቱ ሳይገባ ብትቀጥሩት ይሻላል። ስልኩን ለፈለገ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ፎቶ ልካችሁ ዋጋ ብትጠይቁት ግን አይነግራችሁም፣ ቤቱን በዓይኑ ካላየ አይተምንም።