ስካን ብቻ፣ ሌላ ምንም

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ፎቶ ስካን ማስደረግ ቀላል ነው። ስካን ብቻ ማስደረግ ነው የሚከብደው። ዘንድሮ ከስቶክሆልም ስመጣ ዋናው ጉዳዬ ይኸው ነበር፤ ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን ቤቶች ልንገራችሁ። «ለምን እዚያው ስዊድን አላሠራሽውም?» ለሚለኝ፣ እናቴ ፎቶዎቿን ከአገር ማስወጣት ይቅርና ከሳሎን እንዲወጡ የፈቀደችውም በስንት ልመና ነው።

መቼም እኛ አገር ሰው የድሮ ፎቶ ይዞ ፎቶ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ነው። ፎቶው ይተልቃል፣ ፊቱ ይጠራል፣ ጀርባው ይቀየራል፣ ፍሬም ይገባል። ለባለሙያው ስካን ማድረግ የሥራው መጀመሪያ ነው። እኔም ፎቶ ከቦርሳዬ ባወጣሁ ቁጥር የምጠየቀው «ለመቼ ይድረስ?» እና «በስንት በስንት ይሁን?» ነበር። አንዱማ ገና ሲያየኝ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። ሲያትልና ዱባይ ላሉት የአክስቶቼ ልጆች የምልከው ፋይል ብቻ እንደምፈልግ ስነግረው ግራ ገባው።

ከርካሹ ልጀምር። አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ዋጋውም የሚጎዳ አይደለም። በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ የውጭ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው ስለ ዋጋ ማማረር ነውር ነው። ብዙ ከሆነ ደግሞ በጅምላ ይነጋገራሉ። ችግሩ ማሽኑ የተዘጋጀው ለዲግሪና ለመታወቂያ መሆኑ ነው። ካልተናገራችሁ ፎቶዎቻችሁን በዝቅተኛ ጥራት አንስተው፣ አንድ ፒዲኤፍ ውስጥ ጠርዘው ይሰጧችኋል። «ጄፔግ ይሁን፣ በ600 ዲፒአይ አድርግልኝ» በሉ። ዲፒአይ ማለት ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነበው የነጥብ ብዛት ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በ300 ዲፒአይ ወደ 1200 በ1800 ፒክሰል ትሆናለች። ለስልክ ይበቃል። በ600 ግን ወደ 2400 በ3600 ትደርሳለች፤ ከኋላ የቆሙት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ የሚለየው ያኔ ነው። ለጉርድ ፎቶ 1200 ጠይቁ።

ዓይናችሁንም ከማሽኑ አትንቀሉ። ልጁ የአባቴን የምርቃት ፎቶ መስታወቱ ላይ ማስተኛት ትቶ፣ ወረቀት እንደሚያጎርሰው ከላይ በማጉረሻው ሊከተው ሲል እጁን ያዝኩት። ሃምሳ ዓመት የተጣጠፈ ፎቶ እዚያ ውስጥ ቢነከስ አለቀለት። መስታወቱንም በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አስጠርጉት። «ላሚኔት ላድርግልሽ?» ካላችሁም እሺ እንዳትሉ፤ አንዴ ከታሸገ መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው ቦሌ ያለ ደህና ፎቶ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ስካነሩ የፎቶ ስካነር ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በቀጠሮው ቀን ይደርሳል። ፋይሉን ስከፍት ግን አያቴን አጣኋት። አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ነበራት፣ አገጯ ላይ ደግሞ አንዲት ነጠብጣብ። ሁሉም ጠፍቷል። የግንባሯ መስመር ተልጎ፣ ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል። ኮምፒውተሩ ንቅሳቱን ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል።

«እህቴ፣ አጽድቼልሽ ነው እኮ!» አለኝ ልጁ። ከልቡ ነው፤ ለዚያ የተለየ ክፍያም አልጠየቀም። የከፋው ግን ዋናውን ስካን አለማስቀመጡ ነበር። ደግነቱ ሳያጉረመርም እንደገና ሠራልኝ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቁርጡን ተናገሩ፦ መጀመሪያ እንዳለ፣ ሳይነካ ይቀመጥ። ማሳመር ከተፈለገ በሌላ ኮፒ ላይ ይሠራ።

የልቤን ያደረሱልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፒያሳ ነበሩ። በ2016ቱ ፈረሳ ከቦታቸው ተነስተው አሁን በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው የሚሠሩት። ጋሼ ፎቶውን ሲቀበሉ ፊቱን አላዩም፤ መጀመሪያ ገለበጡት። ጀርባው ላይ የቦያጂያን ፎቶ ቤት ማኅተም ነበር። ቦያጂያኖች ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ የነበሩ አርመኖች ናቸው። «ጀርባውም ይነሳ» አሉና ሁለቱንም አነሱት። ሌላ ቤት ይህን ያሰበ አልነበረም።

አንዳንድ ፎቶ ደግሞ የማር እንጀራ የመሰለ ሸካራ ወረቀት ላይ ነው የታተመው። ስካነር ላይ ሲገባ ሸካራው እያብረቀረቀ ፊቱን ይሸፍነዋል። እሳቸው እነዚህን ስካነር ላይ አላስገቧቸውም። ካሜራውን ወደ ታች አድርገው ማቆሚያ ላይ ሰቀሉ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት መብራት አጋድመው አበሩና አነሷቸው። ልዩነቱ የሚገርም ነው። አልበሙ ላይ የተጣበቁትንም ለመላጥ አልሞከሩም፤ ገጹን እንዳለ አነሱት። ዘገምተኛ ናቸው፤ ብዙ ፎቶም አይቀበሉም። ስለዚህ ምርጥ ምርጡን ብቻ ወሰድኩላቸው።

የቀረውን ቤት ውስጥ በስልኬ አነሳሁት። መስኮት ሥር፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። እናቴ ጎኔ ተቀምጣ ማን ማን እንደሆነ ትናገራለች፤ ሌላው ስልክ ድምጿን ይቀዳል። ሐሜቱ ሳይቀር ተቀድቷል። ሁለት ፎቶ ግን «ይኼ ፌስቡክ ላይ አይወጣም» ብላ ጉያዋ ከተተችው። አንዱ በደርግ ጊዜ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳ ዘመዳችን ነው። በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ እሱ ሳይጠየቅ አይወጣም። ልክ ናት።

ፋይሎቹን ከየቤቱ በፍላሽ መቀበል ትቼ ነበር፤ ከፍላሹ ጋር ቫይረስ ይመጣል። በቴሌግራም ይላኩላችሁ፣ ግን «ፋይል» ተብሎ። ፎቶ ተብሎ ከተላከ ያሳንሰዋል። በፋይል ግን እስከ 2 ጊጋባይት እንዳለ ያልፋል።

የቀን ነገር ሳልረሳው። የእናቴ የሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ «ጥር 1965» ተጽፏል። ሲያትል ያለው የአክስቴ ልጅ እንዳለ 1965 ብሎ ለጠፈው። በፈረንጅ 1965 እናቴ አምስተኛ ክፍል ነበረች! በፈረንጅ 1973 መሆኑን እስክናስረዳ ድረስ ስንቱ አስተያየት ሰጠበት። ሁለቱንም ዓመት ጻፉበት። ስልኩም ሆነ ኮምፒውተሩ ፎቶውን የሚደረድረው ስካን በተደረገበት ቀን ስለሆነ፣ ቀኑን በእጃችሁ ካላስተካከላችሁ አያታችሁ ዘንድሮ የተነሳች ሆና ከቁርሳችሁ ፎቶ አጠገብ ታገኟታላችሁ።

ለጉዞ የምትዘጋጁ ካላችሁ ከጥር ሌላ ወር ምረጡ። ሠርግ ስለሚበዛ ፎቶ ቤቶቹ ለእናንተ ጊዜ የላቸውም። ፎቶውን ለልጅ ሰጥታችሁ አትላኩ፣ ራሳችሁ ሂዱ። ሂሳቡንም ፋይሉን ከፍታችሁ አይታችሁ ክፈሉ።