ጥላቻ ወይስ የቡድን ጫና፦ ተራ ሰዎች በዘር ማጥፋት ለምን ይሳተፋሉ?

ሐዋሳ ውስጥ ይህን ርዕስ ለወጣቶች የሚያስተምር መምህር ከሁለት ማብራሪያዎች በየትኛው እንደሚጀምር መወሰን ይኖርበታል።

ማስረጃ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ መጥራቱ የጥላቻን ማብራሪያ ያጠናክራል።
የቡድን ጫናን የሚደግፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1942 በፖላንድ ዩዜፉፍ በአይሁድ ላይ የተፈጸመው ግድያ ነው፤ የጀርመኑ 101ኛ ተጠባባቂ ፖሊስ ሻለቃ አዛዥ ግድያውን የማይችሉ በዕድሜ የገፉ አባላት እንዲወጡ ቢፈቅድም፣ 500 ከሚሆኑት መካከል ያን ጊዜ የወጡት ወደ 12 የሚጠጉ ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም አልተቀጡም። የቀሩት በባልደረቦቻቸው ፊት ፈሪ መባልን ከመግደል አብልጠው የፈሩ ይመስላል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ሆኖም የዚህኑ ሻለቃ የምርመራ መዛግብት ያነበበ አንድ ተመራማሪ ምክንያቱ ሥር የሰደደ ፀረ አይሁድ ጥላቻ ነው ብሏል።

ቅለት፦ ጥላቻ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገባል፤ የቡድን ጫና ግን ሰፊ ውይይት ይጠይቃል።

አደጋ፦ የመጀመሪያው ተማሪውን «ገዳዮቹ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች አይደሉም» ወደሚል መዘናጋት ይመራዋል።
ሁለተኛው፣ መምህሩ ካልተጠነቀቀ፣ ለገዳዩ ማመካኛ ይሆናል፤ እምቢ ያሉትን አብሮ ማስተማር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ተስማሚነት፦ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችና ለማኅበራዊ ሚዲያ ጸሐፊዎች በጥላቻ መጀመር ይሻላል፤ ለፖሊስ ሠልጣኞች፣ ለቀበሌ አመራሮችና ለወጣት ማኅበራት ግን በቡድን ጫና መጀመርን እመርጣለሁ።