ወደ ቪፒኤስ ለመዛወር የዓመት ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት

ድረ ገጾቻችሁን ከሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር ከሚጋሩበት ኪራይ) ወደ ቪፒኤስ (ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ ለብቻ ወደሚሰጥ ምናባዊ ሰርቨር) እንድታዛውሩ የሚገፋፋ መልእክት ከደረሳችሁ፣ በተለይም የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ለሚፈጽም ቅናሽ እንዳለ ከተገለጸላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ሳላጣራ ከፍዬ ተጎድቻለሁ።

ሆስቲንግ ያከራየኝ ድርጅት አራቱ ድረ ገጾቼ ከተመደበላቸው የሲፒዩ (የፕሮሰሰር) ገደብ ማለፋቸውን፣ ካልተዛወርኩም አካውንቴ እንደሚታገድ በጽሑፍ አስታወቀኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አንባቢ በዛልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ የአክሰስ ሎጉን (ወደ ድረ ገጹ የመጡ ጥያቄዎች የሚመዘገቡበትን ፋይል) ከፍቼ ስመለከት ግን አብዛኛው ጥያቄ በዎርድፕረስ የመግቢያ ገጽ ላይ ሌሊትና ቀን የይለፍ ቃል ከሚሞክሩ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) የመጣ ሆኖ አገኘሁት፤ ቦቶቹን ማገድና አንድ የካሽ ፕለጊን (የተዘጋጁ ገጾችን አስቀምጦ የሰርቨሩን ሥራ የሚያቀል ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ይበቃ ነበር። ድርጅቱም ሎጉን አይቶ ይህንኑ ሊነግረኝ ይችል ነበር።

ከከፈልኩ በኋላ የተላከልኝ አንድ የአይፒ አድራሻና የሩት (የሰርቨሩ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ይለፍ ቃል ብቻ ነው። በሼርድ ሆስቲንጉ ላይ ሳላስተውላቸው ስገለገልባቸው የኖርኩት የመቆጣጠሪያ ፓነል፣ የኢሜይል ሰርቨርና የየዕለቱ ባክአፕ አንዳቸውም አልነበሩም። አገልግሎቱ «አንማኔጅድ» መሆኑን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እድሳትም ሆነ ጥበቃ የደንበኛው ኃላፊነት መሆኑን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር በውሉ መጨረሻ ላይ ተሸጉጦ ነበር። ሲፓነል የተባለው የመቆጣጠሪያ ፓነል ይጨመርልኝ ስል ፈቃዱ ለብቻው በየወሩ እንደሚከፈል ተነገረኝ፤ ሲፓነል እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ዋጋውን በአካውንቶች ብዛት ስለሚተምን፣ የብዙ ደንበኞችን ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው የፈቃዱ ክፍያ ከሰርቨሩ ኪራይ ሊበልጥበት ይችላል።

ፍጥነቱም የተባለውን ያህል አልነበረም። በተርሚናል ላይ «ቶፕ» (top) የሚለውን ትእዛዝ ስታስገቡ በሲፒዩው መስመር መጨረሻ ላይ «ኤስቲ» (st) የሚል ምልክት ያለው ቁጥር ታያላችሁ፤ ይህም የእናንተ ማሽን ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ ፕሮሰሰሩ ለሌሎች ተከራዮች የተሰጠበትን ጊዜ በመቶኛ ያሳያል። የእኔው አመሻሽ ላይ ከ20 በታች አይወርድም ነበር። በዚያ ላይ 1 ጊጋባይቱ ራም ባለቀ ቁጥር የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ማይኤስኪውኤልን (የዳታቤዙን ፕሮግራም) በግድ ስለሚዘጋው፣ ጠዋት ስነሳ አራቱም ገጾች ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ብቻ ተሸክመው አገኛቸዋለሁ። ሰርቨሩ ኢሜይል የሚልክበት ፖርት 25 ዝግ ስለነበረም ሰዎች በመገናኛ ቅጹ የጻፉልኝ መልእክት ከሰርቨሩ ሳይወጣ ቀርቷል።

ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ የ30 ቀኑ ዋስትና ሼርድ ሆስቲንግን ብቻ እንደሚመለከት ተነገረኝ።

ስለዚህ መዛወር ግድ ከሆነባችሁ ለአንድ ወር ብቻ ክፈሉ፤ ባክአፕ፣ ፓነልና ፖርት 25 እንዴት እንደሆኑ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ከመዛወራችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (የድረ ገጹ ስም ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚመራ የሚገልጸው መረጃ በሌሎች ኮምፒውተሮች ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀድሞውን አካውንት ዝውውሩ እንዳለቀ አትዝጉ፤ የድረ ገጹን ፋይሎች ገልብጬ ጨረስኩ ብዬ በዘጋሁበት ዕለት የሦስት ዓመት ኢሜይሌ አብሮ ጠፍቷል።